ታይዋን የጤና መድኗን ወጪ እንዴት ገታች? ሸክሙስ ማን ላይ አረፈ?

መነሻ

የጤና መድን ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ምዝገባ ነው። ስንት ቤተሰብ ገባ? ስንቱ ቀረ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ሁሉም ከገባ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ሐኪም ቤቶች የሚያቀርቡትን ሒሳብ ሁሉ መድኑ እየከፈለ ስንት ዓመት ይዘልቃል?

ታይዋን ሁለቱንም ጥያቄዎች በአጭር ጊዜ ውስጥ ተጋፍጣለች። መጀመሪያ ሕዝቡን በሙሉ ወደ አንድ መድን አስገባች። በሦስተኛው ዓመት ወጪው ከገቢው በለጠ። ከዚያ በኋላ የወሰደቻቸው እርምጃዎች በአንድ ጊዜ ሳይሆን ተራ በተራ ስለተተገበሩ የትኛው ምን እንዳመጣ ለይቶ ማየት ይቻላል። ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው። የተሳካውንም ያልተሳካውንም እጽፋለሁ። ባለሥልጣናቱን በስም አልጠራም፤ ዋናው ነገር አሠራሩ ነውና። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1995 በፊት የነበረው

ታይዋን ቀድሞም መድን ነበራት። ግን የተበታተነ ነበር። ለሠራተኞች በ1950፣ ለመንግሥት ሠራተኞች በ1958፣ ለገበሬዎች ደግሞ በ1985 የተጀመሩ የተለያዩ መድኖች ነበሩ። አባልነት የሚገኘው በሥራ በኩል ነው። ሥራ የሌለው አይገባም። በዚህ ምክንያት ከሕዝቡ 40 በመቶ ገደማ ውጭ ቀርቶ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። ሕክምና አብዝቶ የሚያስፈልገው ወገን መድን የሌለው ወገን ነበር ማለት ነው።

የአዲሱ መድን ዕቅድ በ1988 ተጀመረ። አጥኚዎቹ የሌሎችን አገሮች አሠራር አዩ። ከካናዳ የአንድ ከፋይን ሐሳብ ወሰዱ፤ ለሁሉም ሕክምና የሚከፍለው አንድ መድን ብቻ ነው ማለት ነው። ከጀርመን ደግሞ አሠሪና ሠራተኛ ተካፍለው የሚያዋጡትን መዋጮ። መጀመሪያ የታሰበው በ2000 እንዲጀመር ነበር። ፓርቲዎችን ሲያፍን የኖረው ወታደራዊ ድንጋጌ በ1987 ተነስቶ የፓርቲዎች ፉክክር ሲጦፍ ግን ገዢው ፓርቲ ተቻኮለ። ሕጉ በ1994 ጸደቀ። መድኑ ማርች 1 ቀን 1995 ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው ቀጥተኛ የፕሬዚዳንት ምርጫ የተካሄደው ከአንድ ዓመት በኋላ በ1996 ነው። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ያየ ሰው ጥድፊያው ከየት እንደመጣ ይገባዋል።

መዋጮው ከደመወዝ 4.25 በመቶ እንዲሆን ተወሰነ። ከዚህ ውስጥ ተቀጣሪው 30 በመቶውን፣ አሠሪው 60 በመቶውን፣ መንግሥት 10 በመቶውን ይሸፍናል። ለድሃ ቤተሰቦች መንግሥት ሙሉውን ይከፍላል። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ከሕዝቡ ከ90 በመቶ በላይ ገብቶ ነበር። ምዝገባው ግዴታ ስለነበረ ጤነኛው ቀርቶ በሽተኛው ብቻ የሚገባበት ሁኔታ አልተፈጠረም። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ከየት መጣ?

መድኑ ለሐኪሙ የሚከፍለው በሰጠው አገልግሎት ቁጥር ነበር። ለአንድ ምርመራ ይህን ያህል፣ ለአንድ ራጅ ይህን ያህል፣ ለአንድ መርፌ ይህን ያህል። ዋጋውን የሚወስነው መድኑ ነው። ቁጥሩን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው። ዋጋው ዝቅ ሲደረግ ሐኪሙ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። ሰውዬው ሌባ ስለሆነ አይደለም። ክሊኒኩ ኪራይ አለው፣ ነርስ አለው፣ መሣሪያ የገዛበት ዕዳ አለው።

ታካሚው በበኩሉ የፈለገበት ሄዶ ይታከማል። ሪፈር አይጠየቅም። ጉንፋን የያዘው ሰው በቀጥታ ትልቁ ሆስፒታል መግባት ይችላል። ታይዋናውያን በዓመት በአማካይ ከ14 እስከ 15 ጊዜ ያህል ሐኪም ያያሉ። ይህ ከአብዛኞቹ ባለጸጋ አገሮች እጥፍ ገደማ ነው። ሐኪሙ በአንድ ጠዋት የሚያየው ሰው ሲበዛ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ያልተሟላ ምርመራ ደግሞ ሌላ ቀጠሮ ይወልዳል።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። መድን ያልነበራቸው ሰዎች ከገቡ በኋላ የሐኪም ጉብኝታቸው በእጥፍና ከዚያም በላይ ጨምሯል፤ ቀድሞ መድን ወደነበራቸው ሰዎችም ተጠግቷል። ይህ ብክነት አይደለም። ገንዘብ አጥተው የቀሩ ሰዎች ታከሙ፣ አለቀ። መድኑ የተቋቋመው ለዚሁ ነው። ስለ ወጪ የሚያወሩ ሰዎች ይህን ጭማሪ ከትርፍ ምርመራውና ከትርፍ መድኃኒቱ ጋር በአንድ ሚዛን ሲያስቀምጡት እበሳጫለሁ።

በገቢ በኩል ያለው ችግር ሌላ ነው። መዋጮው የተመሠረተው በደመወዝ ላይ ብቻ ነበር። ከቤት ኪራይ፣ ከአክሲዮን ትርፍ፣ ከባንክ ወለድ የሚገኝ ገቢ አይቆጠርም። ሕጉ መዋጮው እስከ 6 በመቶ እንዲደርስ ይፈቅዳል። ግን ማን ደፍሮ ይጨምር? ምርጫ ሁልጊዜ ቅርብ ነው። ገቢው በዓመት በአማካይ 4 በመቶ ገደማ ሲያድግ ወጪው ከ5 በመቶ በላይ ያድግ ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በየዓመቱ ሲደራረብ ግን መጠባበቂያውን ይበላል። በ1998 ወጪው ከገቢው አለፈ።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ የበጀት ጣሪያ

የዚህ ጉዳይ ልብ ይህ ነው።

መድኑ በየዓመቱ ለአንድ የሕክምና ዘርፍ ጠቅላላ በጀት ይመድባል። በጀቱ የሚወሰነው በድርድር ነው። መድኑ፣ ሐኪሞች፣ አሠሪዎችና ሌሎች መዋጮ ከፋዮች ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አገልግሎት በገንዘብ ፋንታ በነጥብ ይመዘገባል። በዓመቱ ውስጥ የአንድ ነጥብ ዋጋ የሚታወቀው ጠቅላላ በጀቱ ለተመዘገበው ጠቅላላ ነጥብ ሲካፈል ነው።

ለምሳሌ ለአንድ አካባቢ 100 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ እንበል። በአካባቢው ያሉ ሐኪሞች በድምሩ 100 ሚሊዮን ነጥብ ካስመዘገቡ አንድ ነጥብ አንድ ዶላር ይከፈልበታል። 125 ሚሊዮን ነጥብ ካስመዘገቡ ያው ነጥብ 80 ሳንቲም ብቻ ይሆናል። መድኑ የሚያወጣው ገንዘብ አይጨምርም። የሚቀንሰው የእያንዳንዱ ሐኪም ክፍያ ነው። በአጭሩ የቁጥር መብዛት አደጋ ከመድኑ ጫንቃ ወርዶ ወደ ሐኪሞቹ ዞረ።

ጣሪያው በአንድ ቀን በሁሉም ላይ አልተጣለም። በጁላይ 1998 በጥርስ ሕክምና ተጀመረ። በ2000 የቻይና ባህላዊ ሕክምና ተከተለ። በ2001 ክሊኒኮች፣ በ2002 ሆስፒታሎች ገቡ። አራት ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ለምን ከጥርስ? የጥርስ ሐኪሞች ሥራ እርስ በርሱ ይመሳሰላል። አብዛኞቹ የሚሠሩት በራሳቸው ትንሽ ክሊኒክ ነው። ሁሉንም የሚያስተባብር ጠንካራ ማኅበር አላቸው። ለመጀመሪያው ዓመት የተሰጣቸው የበጀት ዕድገትም ለጋስ ነበር። ስለዚህ ተገደው ሳይሆን አስልተው ገቡ።

ከገቡ በኋላ የሠሩት ነገር ሊጠና ይገባዋል። ሒሳብ የመመርመሩን ሥራ ማኅበራቸው ተረከበ። አንዱ ሐኪም ከሌሎቹ የተለየ ብዙ ነጥብ ሲያስመዘግብ የሚጠይቀው የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ መሆኑ ቀረ። የሚጠይቁት የሙያ ባልደረቦቹ ሆኑ። እነሱ ደግሞ የትኛው ጥርስ በእርግጥ መሞላት እንደነበረበት ያውቃሉ። አንዱ ሲያበዛ የራሳቸው ነጥብ ዋጋ እንደሚወርድም ያውቃሉ። አንድ ሐኪም የሞላውን ጥርስ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ቢሞላው ክፍያ እንዳያገኝ የሚያደርግ ደንብም መጣ። ይህ ለታካሚው ዋስትና ነው። ለበጀቱም ጥቅም ነው።

ከዚህም ሌላ በጀቱ በስድስት አካባቢዎች ተከፋፍሎ ነበር። ክፍፍሉ ቀስ በቀስ ሐኪም በበዛበት ሳይሆን ሰው በሚኖርበት ልክ እንዲሆን ተደረገ። ዋና ከተማዋ ታይፔ በሐኪም ስለተጨናነቀች የነጥብ ዋጋዋ ወረደ። ሐኪም በጎደለበት አካባቢ የተሻለ ሆነ። የጥርስ ሐኪም ፈጽሞ ለሌላቸው ወረዳዎችም ከበጀቱ ላይ ለብቻ ገንዘብ ተያዘ።

ያው እርምጃ በሆስፒታል ሲሞከር

በ2002 ሆስፒታሎች ሲገቡ ነገሩ ተቀየረ። አሠራሩ ያው ነው። ሰዎቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። በአንድ በጀት ሥር የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ፣ ትልልቅ የግል ሆስፒታሎች አሉ፣ በገጠር ከተማ ያለ ትንሽ ሆስፒታልም አለ። አይተዋወቁም፣ አይተማመኑም። እያንዳንዱ እንዲህ ያስባል፦ እኔ ነጥቤን ብቀንስ ሌላው ያበዛል፤ የነጥቡ ዋጋ መውረዱ አይቀርም፤ ስለዚህ እኔም ላብዛ። ሁሉም እንዲህ ሲያስብ ሁሉም ያበዛል። የነጥቡ ዋጋ ከ1 በታች ሆኖ ቀረ።

በዚህ ውድድር ትልቁ ያሸንፋል። ትልቁ ሆስፒታል ተጨማሪ የተመላላሽ ክፍል ይከፍታል፣ ውድ መሣሪያ ያስገባል፣ ታካሚ ይስባል። ትንሹ አቅም የለውም። ከጊዜ ወደ ጊዜ ብዙ ትንንሽ ሆስፒታሎች ተዘጉ። የበጀት ጣሪያ ብቸኛው ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ ግን አፋጥኖታል።

ለእያንዳንዱ ሆስፒታል የራሱ ጣሪያ እንዲበጅለት ሲሞከር ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ድርሻቸው እንዳያልቅ የፈሩ ሆስፒታሎች ቀጠሮ መገደብ ጀመሩ። ከባድ ሕመም ያለበት ሰው ብዙ ወጪ ስለሚያስከትል የማይፈለግ ታካሚ ሆነ። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ልክም ነበር። በ2010 ደግሞ ለተኝቶ ታካሚ በሕመሙ ዓይነት አንድ ቁርጥ ዋጋ የመክፈል አሠራር ተጀመረ። በ2014 ጥቂት ሕመሞች ተጨመሩበት። ከዚያ በኋላ በሐኪሞች ተቃውሞ ለረጅም ጊዜ ባለበት ቆመ።

ካርዱና መረጃው

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አባሉ የሚይዘው የወረቀት ካርድ ነበር። ስድስት ጊዜ ከታከመበት በኋላ በሌላ ይለወጣል። በ2004 ሁሉም ሰው ቺፕ ያለው ካርድ ያዘ። ሐኪም ቤቶች የየዕለቱን ሕክምና በ24 ሰዓት ውስጥ ለመድኑ እንዲልኩ ተገደዱ። አንድ ሰው በወር ውስጥ ስንት ቦታ እንደታከመ ወዲያው ይታያል። ከ2013 ጀምሮ ሐኪሙ ራሱ ታካሚው በሌላ ቦታ የታዘዘለትን መድኃኒት ማየት ቻለ። አንድ ዓይነት መድኃኒት ከሦስት ሐኪም መውሰድ ከባድ ሆነ።

የመድኑ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። አንድ ከፋይ ብቻ ስለሆነ ሐኪሙ ለአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ቅጽ፣ በኮምፒዩተር ሒሳብ ይልካል። በፌብሩዋሪ 2020 የፊት ጭምብል ሲጠፋ ለእያንዳንዱ ሰው በካርዱ ማደል የተቻለውም ይህ መሠረት ቀድሞ ስለነበረ ነው።

መድኃኒት

ከመድኑ ወጪ ሩብ ገደማው መድኃኒት ነው። መድኑ ለእያንዳንዱ መድኃኒት ባወጣው ዋጋ ይከፍላል። ሆስፒታሉ ግን ከአምራቹ ጋር ተደራድሮ በቅናሽ ይገዛል። ልዩነቱ ኪሱ ይገባል። ስለዚህ መድኃኒት ማዘዝ ትርፍ ነው። መድኑ እውነተኛውን የገበያ ዋጋ በየጊዜው እያጠና የራሱን ዋጋ መቀነስ ጀመረ። ጥቂት ገንዘብ ዳነ። ሆስፒታሎቹ ደግሞ ዋጋው ከተቀነሰው መድኃኒት ወደ ሌላ፣ የተሻለ ልዩነት ወደሚያስገኝ መድኃኒት ዞሩ። አንዳንድ የውጭ አምራቾች ዋጋው አላዋጣ ሲላቸው መድኃኒታቸውን ከገበያው አስወጡ።

በ1997 ማዘዝንና ማደልን ለመለያየት ተሞክሯል። ሐኪሙ ያዛል፣ ፋርማሲው ያድላል ተባለ። ነገር ግን ክሊኒኩ ፋርማሲስት ቀጥሮ እዚያው ማደል እንዲችል ተፈቀደ። አንዳንዱ አጠገቡ ፋርማሲ አስከፈተ። በወረቀት ተለያዩ፣ በትርፍ ግን አንድ ሆነው ቀሩ።

የታካሚው ድርሻ

ሰው ትልቁን ሆስፒታል ለጉንፋን እንዳያጨናንቅ በ2005 ክፍያው ተለያየ። ክሊኒክ የሄደ 50 የታይዋን ዶላር ይከፍላል። ሪፈር ሳይዝ ትልቁ ሆስፒታል የሄደ 360፣ ሪፈር የያዘ 210 ይከፍላል። በ2017 ልዩነቱ ሰፋ፤ 420 እና 170 ሆነ። ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ግን ያው እንደተጨናነቁ ናቸው። ለደህና ደመወዝተኛ 420 ዶላር ከሚያምነው ሐኪም የሚያስቀር ገንዘብ አይደለም። ለድሃው ብቻ ነው የሚከብደው። ደግነቱ ከባድ ሕመምተኞች፣ ወላዶችና ድሃ ቤተሰቦች ድርሻውን እንዳይከፍሉ ተደርጓል። ይህ ባይሆን ኖሮ እርምጃው በጣም ይጎዳ ነበር።

የገቢው ትግል

በሴፕቴምበር 2002 መዋጮው ወደ 4.55 በመቶ ከፍ አለ። በዚያው ወር የታካሚው ድርሻም ጨመረ። ሁለቱ በአንድ ላይ መምጣታቸው ሕዝቡን አስቆጣ፤ ሰልፍ ተወጣ። ከዚያ በኋላ ለ7 ዓመታት ማንም ሊነካው አልደፈረም። በ2010 ወደ 5.17 በመቶ ሲጨምር የዘርፉ ኃላፊ በውዝግቡ መሐል ሥልጣን ለመልቀቅ ጠይቀው ነበር። በመጨረሻ ጭማሪው ያለፈው አብዛኛውን ሕዝብ እንዳይነካ ድጎማ ታክሎበት ነው።

ከ2013 ጀምሮ የተሻለ መፍትሔ መጣ። የመጀመሪያው ሐሳብ መዋጮው በቤተሰብ ጠቅላላ ገቢ ላይ እንዲመሠረት ነበር። በምክር ቤት አላለፈም። በምትኩ በኪራይ፣ በወለድ፣ በአክሲዮን ትርፍ፣ በትልልቅ ቦነስና በትርፍ ሥራ ገቢ ላይ 2 በመቶ ተጨማሪ መዋጮ ተጣለ። የደመወዙ መዋጮ ወደ 4.91 በመቶ ወረደ። ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ወለዱ ከተወሰነው መጠን በታች እንዲሆን ተቀማጫቸውን መከፋፈላቸው አልቀረም። ቢሆንም የመድኑ ካዝና አገገመ። ገቢን የሚወስነውና ወጪን የሚደራደረው አካልም አንድ ኮሚቴ ሆነ። ከዚያ በፊት አንዱ ክፍል ስለ ገቢ፣ ሌላው ስለ ወጪ ለየብቻ ያወራ ነበር።

ከዚህ ምን ይወሰዳል?

የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ቅደም ተከተል ነው። ጣሪያ ሲበጅ ከሚስማማ፣ ትንሽና አንድ ዓይነት ከሆነ ዘርፍ መጀመር ያዋጣል። ጥርስ ላይ የተገኘው ልምድ ለሚቀጥለው ዘርፍ መደራደሪያ ሆኗል። ከሆስፒታል ተጀምሮ ቢሆን የመጀመሪያው ዓመት ውዝግብ ብቻውን አሠራሩን ሊያፈርሰው ይችል ነበር።

ሁለተኛው፣ ጣሪያ ብቻውን ጠባይ አያርምም። ጥርስ ላይ የሠራው ከጣሪያው ጋር የእርስ በርስ ቁጥጥር ስለነበረ ነው። ሆስፒታል ላይ ቁጥጥሩ ሳይኖር ጣሪያው ብቻ መጣ፤ ሩጫ ሆነ። ይህን አሠራር ሊሞክር የሚያስብ አገር በጀቱን ከማስላቱ በፊት ባለሙያዎቹ ራሳቸውን የሚቆጣጠሩበት ማኅበር እንዳላቸው ቢያይ ይሻለዋል።

ዋጋ ሲቀነስ ሰው ወደ ሌላው እንደሚዞር መገመትም ያስፈልጋል። የመድኃኒቱ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። የአንዱን ዋጋ ብቻ መቁረጥ ጊዜያዊ ነው። ታይዋን በ2013 ለመድኃኒት ጠቅላላ የወጪ ግብ ማውጣት የጀመረችው ይህን ካየች በኋላ ነው።

መዋጮን በተመለከተ ጭማሪው በሕግ በተቀመጠ ስሌት ቢሠራ ኖሮ በየጥቂት ዓመቱ የፖለቲካ ቀውስ ባልሆነ። የ2002ቱ ሰልፍ የመጣው ጭማሪው ትልቅ ስለነበረ አይደለም። ለዓመታት ተደብቆ ቆይቶ በአንድ ወር ስለወረደ ነው።

የመጨረሻው ነገር የመድኑ ሒሳብ የማያሳየው ነው። መድኑ ወጪውን ገታ፤ አድናቆት ይገባዋል። ግን የነጥቡ ዋጋ ሲወርድ ሆስፒታሎች ጉድለቱን የሚሞሉበት ቦታ ፈለጉ። አንዱ ቦታ ነርሶች ናቸው፤ አንዲት ነርስ የምትይዘው ታካሚ በዛ፣ ብዙዎች ሙያውን ለቀቁ። ሌላው ቦታ የታካሚው ኪስ ነው። ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ መድኃኒት የተቀባ የልብ ስቴንት (የጠበበ የደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ)፣ ከ2007 ጀምሮ ደግሞ የተሻለ የዓይን ሌንስ የፈለገ ሰው መድኑ ከሚሸፍነው በላይ ያለውን ልዩነት ራሱ ይከፍላል። እንዲህ ያለው ዝርዝር ከዓመት ወደ ዓመት ረዘመ። ዛሬ ከጠቅላላው የጤና ወጪ ሲሶ ገደማው በቀጥታ ከቤተሰብ ኪስ ይወጣል። የግል ተጨማሪ መድን የሚገዛውም ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ የሌላ አገር ባለሙያዎች ታይዋንን ሊጎበኙ ሲሄዱ የመድኑን ዓመታዊ ሪፖርት ብቻ ይዘው መመለስ የለባቸውም። የነርሶቹን ፈረቃና ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ የሚከፍለውን ደረሰኝም ቢያዩ ይሻላል።